በጥፍር ቀለም የተሳለው ቢላዋ

ልጆች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ቤተሰቦቿ «ምስማር» ይሏታል። አንድ ነገር ከያዘች ንቅንቅ ስለማትል ነው። የምትኖረው ከእናቷና ከአባቷ ጋር፣ ከጀርባው የብረት መሥሪያ ባለው ቤት ውስጥ ነው። እናቷ ቢላዋ ትሠራለች፤ አባቷ ደግሞ የቢላዋውን የቆዳ አፎት ይሰፋል። በዚያ ቤት ሲጮኽ የሚውለው የእናት መዶሻ ነው።

የእናቷ ቢላዋ እንደ ሌላው ቢላዋ አይደለም። ሁለት ዓይነት ብረት አነባብራ በእሳት ታግላለች፣ ትቀጠቅጣለች፣ ታጥፋለች፣ እንደገና ታግላለች። በመጨረሻ ተሞርዶ አሲድ ውስጥ ነከር ሲደረግ፣ አንዱ ብረት ይጠቁራል፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ላዩ ላይ እንደ ወራጅ ውኃ ያለ መስመር ብቅ ይላል። ማንም አልሳለውም፤ ከብረቱ ውስጥ የወጣ ነው።

አንድ ቀን ምግብ አብሳይዋ አክስቷ የራሷን ምግብ ቤት ልትከፍት ሆነ።

«የአክስቴን ቢላዋ የምሠራው እኔ ነኝ!» አለች ምስማር።

«እሺ» አለች እናቷ። «ጉጠቱን እኔ እይዝልሻለሁ፤ መምታቱም መቦረሹም ያንቺ ነው። ግን ስሚኝ፦ ከመታጠፉ በፊት ሁልጊዜ በሽቦ ብሩሽ ጥርግ አድርጊው። ቆሻሻ ከቀረበት ብረቱ እርስ በርሱ አይያያዝም።»

ምስማር ለቀናት ሠራች። እጇ ውኃ ቋጠረ፤ አላማረረችም። አንድ እጥፍ ብቻ ሲቀር ግን ጓደኞቿ ውጭ ገመድ እየዘለሉ «ምስማር! ነይ እንጂ!» ብለው ተጣሩ። እናቷ ደንበኛ ልታናግር ዞር ብላለች። ምስማር ብሩሹን አየችው። «አንዴ ባልቦርሸው ምን ይሆናል?» አለች በልቧ።

«ቦረሽሽው?» አለች እናቷ ስትመለስ።

«አዎ!»

የመጨረሻውን እጥፍ አጥፈው ቀጠቀጡት። በማግስቱ እናቷ ከሰል ልትገዛ ሄደች። ምስማር ብረቱን ስትሞርድ መኻሉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየች። አሁንም ሞረደች። ስንጥቋ ሰፋች። ክው አለች።

ምን አደረገች መሰላችሁ? የተሰነጠቀውን ብረት ከሰል ክምር ሥር ቀበረችው። ድሮ ለመለማመጃ የሠራችውን ተራ ቢላዋ አወረደች። የእናቷን የጥፍር ቀለም ሳታስፈቅድ ወሰደችና በቢላዋው ላይ ወራጅ ውኃ የሚመስል መስመር ሳለችበት። ከዚያ አሲድ ውስጥ ነከረችው። አሲዱ ቀለም ያልነካውን አጠቆረው፤ ቀለሙን ስታስለቅቀው መስመሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። ቁርጥ የእናቷን ሥራ መሰለ!

እናትና አባቷ ተደሰቱ። አባቷ አፎቱን ሦስት ቀን ሙሉ ሰፋ። ምስማር ግን ከመተኛቷ በፊት እንዲህ ብላ ትጸልይ ጀመር፦ «አምላኬ ሆይ፣ አክስቴ ቢላዋውን መቼም እንዳትስለው አድርግልኝ።» ቢላዋው በሞረድ ሲሳል መስመሩ ይፋቅና ጉዷ ይወጣላ! አትሳቁ፣ ልጆች። እኔም በልጅነቴ እንዲህ ዓይነት ጸሎት ጸልያለሁ።

አክስቷ መጣች። ቢላዋውን ከአፎቱ መዝዛ አንድ ቲማቲም ቆረጠች።

«ኧረ ጉድ! ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሳለው?»

አክስት የጠየቀችው ስለ ስለቱ ነው። ምስማር የሰማችው ግን ስለ ሥዕሉ ነው።

«እ... እኔ ነኝ።»

«በምን ሳልሽው?»

«በጥፍር ቀለም።»

ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ። «ይቺ ልጅ ቀልድ ለምዳለች!» አለ አባቷ።

እናቷ ከሳቋ ስትመለስ «አትስጊ፣ እህቴ» አለች። «መስመሩ ቢደበዝዝ አምጪልኝ። አሲድ ውስጥ ነከር ሳደርገው ይመለሳል። ውስጡ ነዋ! እኔ ዋስ ነኝ።»

አያችሁ? ምስማር አመለጠች። ዝም ብትል በዚያ ቀን ማንም አይነቃባትም። አክስቷም ቢላዋውን ይዛ ወደ በሩ ተራምዳለች። ነገር ግን «ዋስ» የሚለው ቃል ምስማርን አላስቀምጥ አላት። አንድ ቀን መስመሩ ጠፍቶ ሲቀር፣ ውሸታም የምትባለው እናቷ ናት።

«አክስቴ፣ ቁሚ! ስጪኝ!»

ብርጭቆ ወረቀት አምጥታ ቢላዋውን ፊታቸው ፈገፈገችው። መስመሩ ጠፋ። «ምን ነካሽ?» ብሎ አባቷ ጮኸ። ጓንቷን አጠለቀችና ቢላዋውን አሲድ ውስጥ ነከረችው። ሁሉም ጠበቁ። ሲወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራጫ ነበር። አንድም መስመር አልተመለሰም።

«ቀልድ አልነበረም» አለች ምስማር። እንባዋ ይወርዳል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። ስለ ብሩሹም፣ ስለ ከሰሉ ክምርም ሁሉንም ተናገረች። «ይቅርታ፣ እማዬ። በውሸት ዋስ አደረግኩሽ።»

እናቷ ግራጫውን ቢላዋ ከእጇ ተቀበለቻት። «ብረትማ ይሰነጠቃል። የእኔም ስንቴ ተሰንጥቋል። እኔ ያዘንኩት ‹ቦረሽሽው?› ስልሽ ‹አዎ› ስላልሽኝ ነው።»

«እንደገና እሠራዋለሁ።»

«ጓደኞችሽስ?»

«ይጠብቁኛል።»

«እኔም እጠብቃለሁ» አለች አክስቷ። «እስከዚያ በግራጫው እከትፋለሁ። መቁረጡን እንደሆነ ይቆርጣል።» ከዚያም ምስማርን ግንባሯን ሳመቻት።

ምስማር ከሀ ጀመረች። በእያንዳንዱ እጥፍ ላይ ብረቱን ቦረሸች፤ የጠረገችውን እንኳ ደግማ ጠረገች። ጓደኞቿ ሲጠሯት «ስጨርስ!» ትላለች። ጸሎቷም አጠረ፦ «አምላኬ ሆይ፣ ክንዴን አበርታልኝ።»

ከወር በኋላ አዲሱን ቢላዋ ራሷ ምግብ ቤቱ ድረስ ወሰደችው። አክስቷ ከአፎቱ ሳትመዝዘው ምስማር ቀደመቻት።

«አክስቴ፣ እጀታው አጠገብ መስመሩ ጠመም ብሏል። ክንዴ ሲዝል አሳስቼ መትቼው ነው።»

አክስቷ ቢላዋውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አገላብጣ አየችው። «ባትነግሪኝ እኮ አላየውም ነበር!»

«ለዚያ ነው የነገርኩሽ» አለች ምስማር።

ልጆች፣ እኛም ስናጠፋ ጥፋታችንን አንሸፍን፤ እውነቱን ተናግረን፣ ይቅርታ ጠይቀን ሥራውን እንደገና እንጀምር።