ሰኞ እሸጣለሁ ያለው ሰው

ኢንጋ ላርሰን መጀመሪያ ወደ ምግብ ቤቴ የገባች ቀን ቦርሳዋ ይጮህ ነበር። ከማድቤት ስወጣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ቦርሳዋን ትበረብራለች፣ የዘወትር ደንበኞቼ የሆኑት ሽማግሌዎች ቡናቸውን እንደያዙ አፍጥጠውባታል፣ የእህቴ ልጅ ኦሬስት ደግሞ ማንኪያውን አፉ ጋ አድርሶ እዚያው ቀርቷል።

«ይቅርታ፣ የጨረር መለኪያ ነው፤ ማጥፋት ረስቼ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ኦሬስት ዞረች። «ግን የሚያስጮኸው ያንተ ሳህን ነው።»

ከእናቴ የወረስኩት ብርቱካንማ ሳህን ነበር። ያንን ቀለም ድሮ ዩራኒየም ቀላቅለው ይሠሩት እንደነበር እኔ ከየት አውቃለሁ?

ኦሬስት ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ሆዴን የሚያስጮኸው የአክስቴ ሾርባ ይመስለኝ ነበር» አላት።

ሳቀች። ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ነው። ኦሬስት ማንኪያውን አስቀመጠና ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አያት። ያ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ምግብ ጥሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ነገሩ የገባኝ ያኔውኑ ነው።

እኔ ዶኒያ እባላለሁ። ከተማችን ቬርባ በካናዳ፣ በሳስካቹዋን ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ የስንዴ ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ገበሬው ሥራ ስለሌለው ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ይሰበሰባል። ስለ ስንዴ ዋጋ አውርተው ሲጨርሱ ወደ ዩራኒየም ይሄዳሉ። በሰሜን፣ ሐይቁ በረዶ ሲሆን፣ ትንንሽ ኩባንያዎች በረዶው ላይ ድንኳን ተክለው ይቆፍራሉ፤ አክሲዮናቸው በሳንቲም ይሸጣል። አብዛኞቹ ምንም አያገኙም። አንዱ ያገኘ እንደሆነ ግን ትልቅ ኩባንያ መጥቶ ጠቅልሎ ይገዛዋል፣ አክሲዮኑን የያዘ ሰውም በአንድ ጠዋት ኑሮው ይለወጣል። የኔ ሽማግሌዎች ያችን ጠዋት ሲጠብቁ ነው ያረጁት።

ኦሬስትም ከኢንጋ ጋር ከመተዋወቁ በፊት ያጠራቀማትን ሁሉ ግሬይሊንግ በሚባል ኩባንያ አክሲዮን ላይ አውሎ ነበር። በኋላ ኢንጋን ጂኦሎጂስት አድርጎ የቀጠራት ይኸው ግሬይሊንግ ነው! የቀጠሯት ዕለት ማታ እጁን ይዛ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሥራዬ አትጠይቀኝም፣ እኔም አልነግርህም። ሕግ ነው» አለችው። «ስለ በረዶውስ?» አላት። «ስለ በረዶው እንኳ።»

በዚያው ዓመት ቀለበት አሰረላት። ከወንዙ ዳር ያለውን የመበለቷን የፓራስካን እርሻ ከነቤቱ ሊገዙ ተስማሙ። ሰማያዊ በር ያለው፣ በምሥራቅ በኩል ሰፊ መስኮት ያለው ቤት ነው። ኢንጋ እዚያ መስኮት ላይ ድንጋዮቿን እንደምትደረድር ለሰው ሁሉ አውርታለች። ፓራስካም፣ «ለኦሬስት ነው የምሸጠው፤ ግን መጋቢት ሳያልቅ ካልከፈለኝ ከከተማ የመጡት የመሬት ነጋዴዎች በር ላይ ቆመዋል» ብላለች።

ኢንጋ በጥር ወደ ሰሜን ወጣች። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ከግሬይሊንግ አንድም ወሬ ሳይመጣ አክሲዮኑ ወረደ፣ ወረደና ሃያ ሁለት ሳንቲም ደረሰ። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ጠዋት ኦሬስት ምግብ ቤቴ መሃል ቆሞ ተናገረ።

«እስከ ሰኞ ወሬ ከሌለ እሸጣለሁ። የክፍያውን ግማሽ ይሆነኛል። ለቀሪው ፓራስካን እግሯ ላይ ወድቄ እለምናለሁ።»

ጋሽ ዋልት ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ምላሱ ረጅም፣ አክሲዮኑም ብዙ ነው።

«የጂኦሎጂስቷ እጮኛ አይደለህ? እንግዲህ እኔ አንተን ነው የማየው። ሰኞ ከሸጥህ እሸጣለሁ። ካልሸጥህ ደግሞ የእህል ገንዘቤን ሁሉ አምጥቼ እገዛበታለሁ።»

«ጋሽ ዋልት፣ እኔ ምንም አላውቅም።»

«አታውቅማ! እኛ ግን አንተን እናውቅሃለን» አለው። ሁሉም ሳቁ። ኦሬስት አልሳቀም።

ኢንጋ ዓርብ ዕለት ለዕረፍት ወረደች። በሰሜን ምን እንደሆነ የነገረችኝ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ከጉድጓዱ የወጣው የድንጋይ ዘንግ ጥቁርና ከባድ ነበር አለችኝ፤ መለኪያው ጠቅ ጠቅ ማለቱን ትቶ አንድ ረጅም ጩኸት ሆነ። በማግስቱ የትልቅ ኩባንያ ሰዎች በአውሮፕላን መጡ። አለቃዋ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ የግዢው ስምምነት ረቡዕ እስኪነገር ድረስ ለእናታችሁም ቢሆን ትንፍሽ ያለ ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከሙያው ይወጣል፣ ሊታሰርም ይችላል አላቸው።

እኔ ቅዳሜ ያየሁት ማድቤቴ ውስጥ ቆማ ጓንቷን የምታጣምም ልጅ ብቻ ነው።

«እትዬ ዶኒያ፣ ነገ ኦሬስት እናት ቤት ለምሳ ባልመጣ ምን ይላሉ?»

«ካልመጣሽማ ጉድጓዱ ባዶ ነው ይላሉ።»

«ብመጣስ?»

«ፊትሽን ያነባሉ።»

«እና ምን ላድርግ?»

የሚላጥ ድንች ሰጠኋት። ልጣጩን ከነድንቹ ጣለችው።

እሁድ የኦሬስት እናት፣ እህቴ ስቴፋ ቤት ለምሳ ተቀመጥን። ጋሽ ዋልት ጎረቤት በመሆኑ ሳይጠራ መጥቶ ከኢንጋ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ነበር። በጎመን ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ መጣ፣ ከዚያ ስቴፋ የምትኮራበት የረጋው የአሳማ እግር መጣ፤ ተቀቅሎ፣ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ በብርድ ረግቶ ሳህን ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ኢንጋ እሱን አፏ አታስጠጋም። ሁለት ዓመት ሙሉ ድርሻዋን በጠረጴዛው ሥር ለኦሬስት ስታሻግር አይቻለሁ፤ ስቴፋም ታያለች፣ ትቀየማለችም።

«በረዶው እንዴት ነው?» አለ ጋሽ ዋልት።

«ይቀዘቅዛል» አለች ኢንጋ።

«ምነው ከሳሽ?»

«ድንኳን ውስጥ ማን ይወፍራል፣ ጋሽ ዋልት?»

«አይ፣ ያዘንሽ መስሎኝ ነው። እንግዲህ ከሰሜን ባዶ እጅ መመለስ...»

«ጋሽ ዋልት!» አለ ኦሬስት። «ምሳ ላይ ነን።»

ኢንጋ ዓይኗን ከሳህኗ አላነሳችም። ፊቷ ግድግዳ ሆኗል። ጋሽ ዋልት ያንን ግድግዳ ሲያነብ፣ አንብቦም አንገቱን ሲነቀንቅ አየሁ። እኔም አነበብኩ፣ ምን እዋሻለሁ። ጉድጓዱ ባዶ ነው፣ ልጁም መሬቱን አጣ ብዬ ልቤ ተሰበረ። አንድ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር፣ ኢንጋ የስቴፋን የአሳማ እግር መብላቷ ነው። ደግማም ወሰደች። ጊዜው ቢከፋም ወግ ተማረች አልኩ በሆዴ። ስቴፋማ በደስታ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ኦሬስት የኢንጋን ሳህን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ።

በኋላ ዕቃ ስናጥብ ኢንጋ ፎጣ ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«ኦሬስት... ነገ...» አለችው።

እርጥብ እጁን አንስቶ ከንፈሯ ላይ አደረገ። «አትጨርሺው።»

«እባክህ፣ አንድ ነገር ብቻ...»

«አንድም ነገር አትበዪኝ። ነገ እንዳልኩት እሸጣለሁ። አንቺ ሳህን አድርቂ።»

ተያዩ። እኔ እዚያ መኖሬን ሁለቱም ረስተዋል። የእሷ ዓይን ይለምናል፣ የእሱ ዓይን ምን እንደሚል ግን ያን ጊዜ አልገባኝም። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷም እንደዚያው መስሏት ፎጣውን አስቀምጣ ኮቷን ሳትቆልፍ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ኦሬስት ገባ፣ ለማንም ሰላም ሳይል ወደ እኔ ስልክ ሄደ፣ ሁሉም እየሰማ ለደላላው ደወለ። «ግሬይሊንግ። ሁሉንም። አዎ፣ ሁሉንም ነው ያልኩህ።» ስልኩን ሲያስቀምጥ ጋሽ ዋልት ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። እሱም ሸጠ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹ ተሰለፉ። እኔም ለእርጅናዬ ያስቀመጥኳትን ጥቂት አክሲዮን ሸጥኩ። በመስኮቱ ሳይ የኢንጋ መኪና ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ እሷ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታለች።

ረቡዕ ጠዋት የግሬይሊንግ ግብይት ቆመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዜናው መጣ፤ ትልቁ ኩባንያ ግሬይሊንግን በዘጠና አምስት ሳንቲም ጠቅልሎ ሊገዛው ተስማምቷል።

«ያቺ ልበ በረዶ!» አለ ጋሽ ዋልት። «እንዲህ ተቀምጣ፣ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ...» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ኦሬስት የዚያኑ ዕለት ፓራስካን ለመነ። ግማሽ ክፍያ አልበቃትም፤ በማግስቱ ለከተማ ነጋዴዎቹ ፈረመች። ያ ሰማያዊ በር ያለው ቤት እንዲሁ ሄደ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ኢንጋ ገባች። ሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን አዞሩባት። እሷ ግን ቀጥ ብላ ኦሬስት የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄደች፣ ቀለበቷን አውልቃ ብርቱካንማው ሳህን አጠገብ አስቀመጠች።

«አውቅ ነበር» አለችው። «እናትህ ማዕድ ላይ ተቀምጬ አውቅ ነበር። ስትሸጥ ከማዶ ሆኜ አየሁህ። እንዴት ታየኛለህ ከዚህ በኋላ? መሬታችንን እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም።»

«እሺ፣ ቆመሽ ስሚኝ። እኔም አውቅ ነበር።»

ምድጃውን የምወለውልበት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ። ኢንጋ በሹክሹክታ፣ «ምን?» አለች።

«የእናቴን የአሳማ እግር በላሽው» አላት። «ሁለቴ። ሲከፋሽ ምግብ አይወርድልሽም፣ ሲጨንቅሽ ዳቦ እንኳ አትነኪም። የምትበዪውን የማታውቂው በጣም ደስ ሲልሽ ብቻ ነው። ቀለበት ያሰርኩልሽ ዕለት ሎሚውን ከነልጣጩ በልተሽዋል። ኢንጋዬ፣ ፊትሽን ሁሉም አየው። ሳህንሽን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን? ለምን ሸጥህ?»

በአገጩ ወደ ሽማግሌዎቹ ጠቆመላት። ድምፁን አልቀነሰም። «ሰኞ እሸጣለሁ ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። አንቺ እሁድ መጥተሽ እኔ ሰኞ ሐሳቤን ብለውጥ፣ ጋሽ ዋልት እስከ ምሳ ሰዓት የእህል ገንዘቡን ሁሉ ያፈስበት ነበር። ቬርባ በሙሉ ይከተለው ነበር። ከዚያ መርማሪ ይመጣል፤ ማን ነገራችሁ ይላል። ምንም ሳትነግሪኝ የምትጠየቂው አንቺ ነበርሽ።»

«ቤቱን ትወደው ነበር» አለች።

«አዎ። በጣም ነው ያመመኝ። እስካሁንም ያመኛል።» ቀለበቱን አንስቶ መዳፉ ላይ ያዘው። «ግን እዚያ መስኮት ላይ ድንጋይ የምትደረድር ጂኦሎጂስት ከሌለች፣ ቤቱን ምን አደርገዋለሁ?»

ያን ጊዜ ተቀመጠች። ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አለቀሰች፣ እሱ ደግሞ ፀጉሯን እየዳሰሰ ሾርባውን በሌላኛው እጁ ገፋ። ምግብ ሲጥል ያየሁት ሁለተኛ ጊዜዬ ነው።

መርማሪዎች በእርግጥ መጡ። ሚያዝያ ላይ ሁለት ጫማቸው ያልቆሸሸ ሰዎች ከከተማ መጥተው ማን መቼ እንደገዛ፣ ማን መቼ እንደሸጠ ጠየቁ። መጀመሪያ ያዩት የጂኦሎጂስቷን እጮኛ ሂሳብ ነበር። ሰኞ ዕለት መሸጡን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ፣ ኬክ በሉ፣ ሄዱ። የኢንጋ ሥራ ሳይነካ ቀረ።

ጋሽ ዋልት ኦሬስትን እስከ አጨዳ ድረስ አላናገረውም። እውነቱን ለመናገር አልፈርድበትም፤ የኔም የእርጅና ስንቅ በዚያች ሰኞ ሳስቷል። አጨዳው ሲያልቅ ግን መጥቶ ከኦሬስት ፊት ቆመ፣ «ጉልበቴ አልችል አለኝ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳዬን በኪራይ ያዘው» አለው፣ ዋጋም ሳይናገር ቡናውን ይዞ ወደ ቦታው ሄደ። ሰርጋቸው ላይም ከሁሉ በላይ የጨፈረው እሱ ነው። ሙሽሮቹ ከምግብ ቤቴ በላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያዙ። መስኮቱ የሚያየው ወደ እህል ጎተራው ነው፤ ድንጋዮቿን ደረደረችበት።

ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው እሁድ ስቴፋ ቤት ተሰብስበን ጎድጓዳው ሳህን ዞረ። ኢንጋ የረጋውን የአሳማ እግር ወሰደች፣ ቆረሰች፣ በላች። ስለ በረዶ መቅለጥ እያወራች ደግማ አነሳች። ጋሽ ዋልት ማኘኩን አቆመ። እኔም አቆምኩ። በቬርባ አሁን ፊት የሚያነብ የለም።

ኦሬስት ሹካውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ ሳህኗን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።

«ኢንጋዬ» አላት፣ «ይሄኛውን እንዳትነግሪኝ የሚከለክል ሕግ አለ?»

ወደ ሳህኗ ጎንበስ አለችና የበላችውን ገና ያን ጊዜ አየችው። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች።

«የለም» አለች፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። «ለአጨዳ ይደርሳል።»