የላይኛው ሐይቅ

ልጅቷ በላይኛው ሐይቅ ዳር የዓሣ ሣጥኑን ለማጠብ ጎንበስ ስትል ሐምራዊ አበባ አየችና ክው አለች። ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። እምቦጭ ነው፤ የእነሱን የታችኛውን ሐይቅ የበላው አረም።

እዚያ ታች ውሃው ፊቱን ካሳየ ሰነበተ። ጀልባ አይቀዘፍም፣ መረብ አይጣልም። አባቷ ዳር ዳሩን የሚለቅመውን ጥቂት ዓሣ፣ ትምህርት በማይኖርበት ቅዳሜ እሷ በአውቶቡስ እዚህ ዓሣ ለምትሸጠው አክስቷ ታመጣለች። ዓሣው በሙቀት እንዳይበላሽ የሚሸፍኑት በእርጥብ እምቦጭ ነው። «ጠላትም ለአንድ ቀን ይጠቅማል» እያለ ይስቃል አባቷ። አክስቷ ዓሣውን ስትረከብ፣ ልጅቷ እምቦጩን ከነሥሩ እዚሁ ውሃው ውስጥ ትደፋዋለች። ማን ልብ ብሎ!

አሁን አበባውን ያዘችና ጎተተችው። ተበጠሰ፤ ቁራጩ እየተንሳፈፈ ራቀ። ቁራጩም እንደሚበቅል ደህና አድርጋ ታውቃለች።

«እሱን ተይውና ከሸምበቆው ጀርባ ያለውን እዪ» አለች አክስቷ ዓሣ እየሰነጠቀች። «ሜዳ ሆኗል እኮ! አበባው ግን ሲያምር!»

ሄዳ አየችው። እውነትም ሜዳ ሆኗል። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቷ የታችኛውን ቤት ዘግቶ፣ ጀልባዋን ጭኖ ዛሬ ይመጣል። የቀራቸው ውሃ ይኸው ነበር።

የጭነት መኪናው ደርሶ ሳይቆም አባቷ ዘሎ ወረደ። ፊቱ እንዲህ ከፈካ ስንት ጊዜው!

«አንቺ እንቁራሪት! ምነው ዝናብ የመታው ዶሮ መሰልሽ? ነይ፣ ጀልባዋን እናውርዳት!»

ዝም ብትል ዛሬን ይስቃል። ምናልባት ነገንም። ሲያየው ደግሞ «ወፍ አምጥቶት ይሆናል» ይባላል፤ ወፍ አይከራከር።

«አባዬ፣ ጀልባዋ ትቆይ።»

«ለምን ሲባል?»

እጁን ይዛ ከሸምበቆው ጀርባ ወሰደችው። አባቷ አየ። ዓይኑን አሻሸና ደግሞ አየ።

«እዚህም?» አለ፤ ድምፁ በአንዴ አረጀ። «የቱ ጨካኝ ነው ይሄን ያመጣብን?»

እጁን ሊያስለቅቃት ሲል አጥብቃ ያዘችው።

«እኛ ነን አባዬ» አለች። «አንተ ዓሣውን ትሸፍንበታለህ፣ እኔ እዚህ እደፋዋለሁ።»