ለሞተ ሰው ጨርቅ አይታሰርም

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄም ነክቻለሁ።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ጠራራ ፀሐይ።

ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሆስፒታላችን ቀድሞ ትምህርት ቤት ነበር። ቁስለኞቹ ራስጌ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ተማሪ ሳይጨርሰው የሄደ የማካፈል ሒሳብ አለ። ማናችንም ልናጠፋው አልደፈርንም።

እኔና ታላቅ እህቴ ነርሶች ነን። እትዬ ነው የምላት። እናታችን ከሞተች ወዲህ አጉርሳ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

የእትዬ ሥራ በር ላይ ነው። መኪና ቁስለኛ ሲያመጣ አንድ በአንድ አይታ እጃቸው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስራለች። ጨርቁ ላይ ማንነቱንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ትጽፋለች።

ቀይ... ቶሎ ወደ ኦፕራሲዮን።

ነጭ... መጠበቅ ይችላል።

ጥቁር... ይተነፍሳል፣ ግን አይተርፍም። ሐኪም አይድከምበት።

ሞቶ ለመጣ ምንም አይታሰርም። አንሶላ ይለብሳል፣ አበቃ።

"ያሰረው ብቻ ነው የሚፈታው" ትለን ነበር፤ ጨርቅ እየቀያየርን እንዳናምታታ።

ቁስለኛ የሚያመላልሰው ሾፌር እጮኛዬ ነበር። ግራኝ ነው። የመኪናውን ሸራ ሲያስር ቋጠሮው ይገለበጣል። "አንተ ያሰርከውን የሚፈታ ሌላ ግራኝ ልንቀጥር ነው" እያልኩ አበሽቀው ነበር። ጦርነቱ አለቀም አላለቀም፣ በወሩ መጨረሻ ተጋብተን ወደ እናቱ ቤት ልንሄድ ቆርጠናል። ለእትዬ እሱ ራሱ ነገራት። ሳቀችና መረቀችን።

በሳምንቱ መኪናው ተመታ። እሱን በሌላ መኪና አመጡት። የእሱን ጎትተው ጓሮ ጣሉት፤ ሞተሩ ወንፊት ሆኗል።

አመሻሽ ላይ ወሬውን ሰምቼ ስሮጥ፣ እትዬ በሩ ላይ አቅፋ ያዘችኝ።

"ሚጣዬ... ሞቶ ነው የመጣው። አልተሰቃየም።"

አመንኳት። እሷን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፋሻ ላመጣ ወደ ዕቃ ክፍል ሄድኩ።

የበሩ እጀታ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል።

እርጥብ ነው። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

ቋጠሮው... ተገልብጧል።

እንደምንም ፈታሁትና ዘረጋሁት። የእትዬ እጅ ጽሑፍ ነው።

"ሾፌር። ስምንት ሰዓት።"

እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ለሞተ ሰው ጨርቅ አይታሰርም።

እትዬ እጇን እየታጠበች አገኘኋት።

"እትዬ... ሲመጣ ይተነፍስ ነበር?"

"ማን?"

ጨርቁን አሳየኋት። ቧንቧውን ዘጋች።

"ጭኑን ነበር የተመታው" አለች በሹክሹክታ። "ቀይ ባስርለት ይተርፍ ነበር።"

"እና?"

"ሊወስድሽ ነበር። እኔስ... ማን አለኝ?"

ሰማይ ተደፋብኝ። ጥይት ያልጨረሰውን ሰው፣ ያጎረሰችኝ እጅ ጨረሰችው።

"ጠርቶኝ ነበር?"

ቧንቧውን መልሳ ከፈተች።

"እትዬ፣ ጠርቶኝ ነበር?"

"...እስከ አስር ሰዓት።"

ያን ቀን ሃያ እርምጃ ርቄ ፋሻ እየጠቀለልኩ ነበር፤ በቁስለኞች ጩኸት መሃል ድምፁን አልለየሁትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህት የለኝም አልኩ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን መኪና መጣ፤ እትዬ በር ላይ የለችም። ክፍላችን ገብቼ አየሁ። አልጋዋ ላይ ተንጋላለች። ቁስል የላትም፣ ትኩሳት የላትም። ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

እጇ ላይ ጥቁር ጨርቅ አለ።

ቋጠሮው ተገልብጧል።

"ሚጣዬ... ፍቺልኝ። እኔ ስነካው ይብስ ይጠብቃል።"

መቀስ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጨብጬዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሳዝናኛለች።

"ያሰረው ብቻ ነው የሚፈታው" አልኳት። "አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?"

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ሃያ እርምጃ ርቄ ፋሻ መጠቅለል ጀመርኩ።

ጠራችኝ። በስሜ፣ በቁልምጫዬ፣ በእናታችን ስም።

እስከ አስር ሰዓት።

ከዚያ ጭጭ አለ። ወዲያው ከጓሮ የመኪና ሞተር ሲነሳ ሰማሁ።

ወጣሁ። ያ ወንፊት የሆነ መኪና ነው። መሪው ጋ ማንም የለም። ኮፈኑን ነካሁት፤ ይፋጃል። ከሾፌሩ ጎን ያለው በር፣ ሁልጊዜ እኔ የምቀመጥበት፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ወንበሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተዘርግቷል። ገና አልታሰረም።

"ሚጣዬ፣ ነርስ። አስር ሰዓት" ይላል፣ በእትዬ እጅ ጽሑፍ።

ቀለሙ አልደረቀም።