ሦስት ብርጭቆ ውሃ

የአበዳሪው ባንክ መሐንዲስ በከተማው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ፣ ከወንዝ የሚመጣው ውሃ ጭቃውን በሚያራግፍበት ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ብድሩ ሊፈረም አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ከተማው ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት ሊያመነጭ፣ ለታችኛው ሰፈርም የተጣራ ውሃ ሊያደርስ ያሰበው በዚያ ብድር ነው፤ ያለ መሐንዲሱ ፊርማ ደግሞ ሳንቲም አይወጣም።

ባልደረቦቹ «ጠርጥር» የሚሉት መርማሪ ተንበርክኮ የሟቹን ጫማ አወለቀ። ውጪው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ካልሲው ግን ታጥቦ እንደተሰጣ ልብስ ንጹህ። አፉን ከፍቶ አየ። ጭቃ የለም። ነገሩ አላማረውም።

ማታ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የማቃጠያውን ሕንፃ የሚሠራው ኮንትራክተር ነው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እሱ ያልተጣላው ማን አለ! ሲሚንቶ ካልቀመሰ የማያምን ሰው ነበር። ግን ጌታዬ፣ እሱ ሲሞት ብድሩ ይዘገያል። የምበላበትን ወጭት እሰብራለሁ እንዴ?»

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ላቡን እየጠረገ «አንሸራትቶት ነው» ይላል፤ ቢጠይቁት ቢጠይቁት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

የቀረችው የጣቢያውን ውሃ የምትመረምረው ኬሚስት ናት። እናቷ ታችኛው ሰፈር ከወንዝ እየቀዳች ነው ያሳደገቻት፤ እናትየዋ ዛሬም ከዚያው ትቀዳለች። የኬሚስቷ ዓይን አብጧል።

«ማታ ምን ፈልጎ መጣ?»

«የውሃውን የምርመራ ውጤት። ሰጠሁት፣ ሄደ።»

«አመነሽ?»

«እሱን እሱን ይጠይቁት» ብላ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

ጠርጥር ሦስቱንም አዳራሽ ሰበሰባቸው። የጣቢያው ደንብ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሠራተኛው ያጣራውን ውሃ ራሱ ቀድሞ ይጠጣል። መርማሪው ሦስት ብርጭቆ ሞላ።

«እንግዳ ነኝ፣ ቅመሱልኝ። አሁን ከተጣራው ውሃ ማጠራቀሚያ ያስቀዳሁት ነው።»

ኮንትራክተሩ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሥራ አስኪያጁም ጠጣ። ኬሚስቷ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አልጠማኝም።»

«ምነው እህቴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሁሌ ቀድመሽ የምትጠጪው አንቺ!»

«እኔ ልንገርዎት» አለ ጠርጥር። «ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ሰው ጭቃ ይውጣል። ይሄ የሰመጠው ንጹህ ውሃ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ማጠራቀሚያው ውስጥ ብቻ ነው ያለው። መደበቅ የፈለገ ክዳኑን ዘግቶበት ይሄድ ነበር። ገዳዩ ግን ከተማው የሚጠጣው ውሃ ነው ብሎ አላስቻለውም። አውጥቶ ከማጣሪያው በፊት ወዳለው ገንዳ ወሰደው። ሬሳ ብቻውን ማውጣት የሚቻለው ከባዱን የክሎሪን ሲሊንደር በሚያነሣው ማንሻ ሰንሰለት ብቻ ነው። ማንሻው የማን ነው?»

«የላቦራቶሪው» አለ ኮንትራክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኬሚስቷ እንባዋን አልጠረገችም። «ብድሩ እንዲያልፍ የውሃውን ውጤት አሳምሬ ጽፌ ነበር፣ ደረሰበት። ብድሩን አስቆማለሁ አለኝ። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ክዳኑ ክፍት ነበር... ገፋሁት። የማዳኛ ገመድ እጄ ላይ ነበር፤ አልወረወርኩለትም።»

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኛስ? የጠጣነው?»

«ከቤቴ ያመጣሁት ነው፣ አይዞዎት።»

ኬሚስቷ እጇን ለካቴናው ሰጠች። «ዋናውን መስመር ማታውኑ ዘግቼዋለሁ» አለች። «ማጠራቀሚያውን ሳታጥቡ እንዳትከፍቱት።» በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «ብድሩስ?»

እናቷ በዚያ ሰዓት ጀሪካኗን ይዛ ወደ ወንዙ እየወረደች ነበር።