ጉማሬውን ማን አዳነው?

ማዕዶት አንድ መጽሐፍ አንብባ ጨረሰች። ብቻዋን! እናቷ አንድም ገጽ አላገዘቻትም።

መጽሐፉ ስለ ጉማሬ ነው። ጉማሬው ጥርሱ መሃል እሾህ ተሰክቶበት ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። «ኧኧኧ! ኧኧኧ!»

ማዕዶት መጽሐፉን በጣም ወደደችው። ማታ ትራሷ ሥር አስገብታው ተኛች።

«እማዬ፣ ስለ ጉማሬው ከማን ጋር ላውራ?» አለች ጠዋት።

እናቷ ጫማዋን እያሰረችላት «ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ? ለክፍልሽ ልጆች ትነግሪያቸዋለሽ» አለቻት።

እውነትም ዓርብ ነው! ዓርብ ዓርብ የማዕዶት ክፍል ልጆች ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። መጽሐፍ ያነበበ ልጅ መሃል ገብቶ ያነበበውን ያወራላቸዋል።

ግን አንድ ሕግ አለ። ታሪኩ ሊያልቅ ሲል መምህርት ትርንጎ ቃጭሏን ታቃጭላለች። «ቅጭል! ቅጭል!»

ያኔ የሚያወራው ልጅ ዝም ይላል። ሌሎቹ ሁሉ አብረው ይጮሃሉ፦ «መጨረሻው የአንባቢው ነው!»

መጨረሻውን ማወቅ የፈለገ መጽሐፉን ወደ ቤቱ ይወስዳል። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

ማዕዶት መሃል ገባች። «ጉማሬው አፉን በሰፊው ከፈተ። ኧኧኧ! እሾህ ወጋኝ፣ አውጡልኝ!»

«አዞ መጣ። አየት አደረገና፣ እኔ? እዚያ ውስጥ? አልገባም! አለ።»

«ዝንጀሮ መጣ። አልገባም! አለ። ኤሊም መጣች። አልገባም! አለች።»

ልጆቹ ሳቁ። ማዕዶት ደስ ብሏት ድምጿን ጨመረች።

«ከዚያ ደግሞ ሌላ መጣ። ማንም ያልጠበቀው!»

መምህርት ትርንጎ ቃጭሏን ለማንሳት እጇን ዘረጋች። የማዕዶት ሆድ ግን አልቻለም።

«ጉማሬውን ያዳነው እኮ...»

«ቅጭል! ቅጭል! ቅጭል! ቅጭል!»

ምን ያደርጋል! ቃጭሉ ዘገየ። ማዕዶት ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ልጆቹም ሰሙ።

እናንተ ግን አልሰማችሁም አይደል? እሰይ!

«ውይ! ነገረችን!» አለ አቤኔዘር።

«እሺ፣ መጽሐፉን ማን ይውሰድ?» አለች መምህርት ትርንጎ። አንድም እጅ አልወጣም።

ማዕዶት መጽሐፉን ለኤዶም ዘረጋችላት። «እንቺ፣ ውሰጂው።»

«ምን ያደርግልኛል? መጨረሻውን አውቀዋለሁ!» አለች ኤዶም።

ለአቤኔዘር ዘረጋችለት። «መጨረሻውን አውቀዋለሁ!» አለ አቤኔዘርም።

ማዕዶት አለቀሰች። «ሁሉም አወቁት፤ ግን ማንም አያነበውም! አሁን ስለ ጉማሬው ከማን ጋር ላውራ?»

መምህርት ትርንጎ እንባዋን ጠረገችላት። «አይዞሽ የኔ ልጅ። ዛሬ ያልመጣ አንድ ልጅ አለ እኮ!»

ያልመጣው ኪሩቤል ነው። ጉንፋን ይዞት ቤቱ ተኝቷል።

ኪሩቤል የማዕዶት ጎረቤት ነው። የእሱንና የእሷን ቤት የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሰኞ ኪሩቤል አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ መጣ። «ዓርብ ምን አወራችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

አቤኔዘር ሊናገር አፉን ከፈተ። ኤዶም ቶሎ ብላ በእጇ ከደነችው።

«ዝም በል! ማዕዶት ትንገረው» አለች።

ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «እምምም!»

ማዕዶት እንደገና ጀመረች። «ጉማሬው አፉን በሰፊው ከፈተ። ኧኧኧ!»

አዞ መጣ። አልገባም! ዝንጀሮ መጣ። አልገባም! ኤሊም መጣች። አልገባም!

«ከዚያ ሌላ መጣ። ማንም ያልጠበቀው!» አለችና ማዕዶት ዝም አለች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ ኪሩቤል።

ማዕዶት ጉንጮቿን ነፍታ ዝም።

«ማዕዶትዬ፣ በናትሽ! ትንሽ ብቻ ንገሪኝ!»

ወይ ጉድ! ማዕዶት አፏን በላት። አሁን መናገር ነው ወይስ ዝም ማለት?

ሮጣ ወደ መምህርት ትርንጎ ጠረጴዛ ሄደች። ቃጭሉን ራሷ አነሳችው።

«ቅጭል! ቅጭል!»

ልጆቹ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አንስተው ጮኹ፦ «መጨረሻው የአንባቢው ነው!»

«ኤጭ! አምጪው በቃ!» አለ ኪሩቤል። መጽሐፉን ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ማታ ማዕዶት አልጋዋ ላይ ወጣች። ግን አልተኛችም፤ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

ከግድግዳው ማዶ የኪሩቤል አባት ያነብባል። «ኧኧኧ! ኧኧኧ!» አባትየው ሲጮህ ኪሩቤል ይስቃል።

«አልገባም!» አለ አዞ። «አልገባም!» አለ ዝንጀሮ። «አልገባም!» አለች ኤሊ።

ከዚያ አባትየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ማዕዶት ትንፋሿን ያዘች።

«እንዴ! ለካስ እሱ ነው!» የኪሩቤል ሳቅ ግድግዳውን አልፎ መጣ።

«ኳ! ኳ!» ኪሩቤል ግድግዳውን መታ።

«ኳ! ኳ!» ማዕዶትም መለሰችለት። በጣም ደስ አላት።

እናቷ መጣች። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ኳኳታ?»

«ኪሩቤል ጨረሰው! ነገ በመንገድ ላይ ስለ ጉማሬው እናወራለን!»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ብርድ ልብሱን አለበሰቻት። «ለእኔም ንገሪኝ እስኪ። ጉማሬውን ማን አዳነው?»

ማዕዶት ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። ዓይኖቿ ብቻ ይስቃሉ።

«እሺ፣ እሺ» አለች እናቷ እየሳቀች። «ኪሩቤል ሲመልሰው እኔ እወስደዋለሁ።»

ግንባሯን ሳመቻትና መብራቱን አጠፋች።

እናንተም ማን እንዳዳነው ማወቅ ትፈልጋላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ። ግን ምን እንደምል ታውቃላችሁ፤ በሉ አብረን እንበል፦

«መጨረሻው የአንባቢው ነው!»