ከወንበሩ ያልተነሳው ሰው

መሐንዲሱ በኮምፒውተሮቹ ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የብረት መደርደሪያው ጠርዝ ደም ነክቶታል፤ ኮምፒውተሩ ግን የባለቤቱን መሞት ሳያውቅ አሁንም ይሠራል። መርማሪዋ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም፤ ከበር እስከ መስኮት ትመላለሳለች። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ዘበኛውን በካቴና አስሮታል።

«በሩ ሲዘጋ ራሱ ይቆለፋል። ቁልፉ ደግሞ ያለው ዘበኛው ዘንድ ብቻ ነው» አለ ፖሊሱ።

ሽማግሌው ዘበኛ ወደ መርማሪዋ ዞረ። «በቢሮው ኢንተርኔት ከልጄ ጋር በቪዲዮ ሳወራ አፏን እንደከፈተች ምስሉ ደርቆ ቀረ። ወዲያው ሥራ አስኪያጇ ጋ አቤት ልል ብገባ እሳቸውም ኢንተርኔቱን ሲራገሙ አገኘኋቸው። ለመሐንዲሱ ልንነግር አብረን መጣን፤ አብረን ሞቶ አገኘነው።»

መርማሪዋ ካቴናውን አየች። ይህ ሰው እስር ቤት ቢያድር ለልጅቷ ማን ይነግራታል?

እዚያው ቢሮ ፊልም ወደሚያቀናብረው፣ ወደ ሟቹ ሚስት ወንድም ዞረች። «አንተስ?»

«ከምሳ በኋላ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ለደንበኛ ፊልም እየላክሁ ነበር። እስክትጮኹ ድረስ እንደ ውሃ ነው የፈሰሰው፤ አንዴም አልቆመም።»

መርማሪዋ የኢንተርኔት መስመሩን ውሎ የሚያሳየውን ስክሪን አስከፈተች። ስክሪኑ ላይ የተሳለው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ሲወጣ ሲወርድ ይቆይና ድንገት ከላይ ጠፍጣፋ ይሆናል።

«መጋዙ የኛ ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ኮምፒውተሮቻችን ይሉኝታ አላቸው። መስመሩ ሲጨናነቅ የሚልኩትን በግማሽ ይቀንሱና ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። ጠፍጣፋው የሟቹ ነው። አዲስ የአላላክ ዘዴ እየሞከረ ነበር፤ ይሉኝታ ቢስ ነው፣ ሌሎቹ ገለል ሲሉ ቦታቸውን ይይዛል። ያለው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ እሱ በእጁ ካላስጀመረው አይነሳም።»

መርማሪዋ መመላለሷን አቆመች። ሁሉንም በጠባቡ ክፍል ሰበሰበች።

«መስመሩ ጠፍጣፋ ሲሆን መሐንዲሱ በሕይወት ነበር፤ ራሱ ነው ያስጀመረው። ያኔ የአባባ ስልክ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ አስኪያጇ አልተለዩም። ፍታቸው።»

«የበሩ ቁልፍስ?» አለ ፖሊሱ ካቴናውን እየፈታ።

«ለዘመድ ከውስጥ ይከፈትለታል።» ወደ ሚስቲቱ ወንድም ዞረች። «ቢሮው በሙሉ ሲራገም ያንተ ብቻ እንደ ውሃ ፈሰሰ? ያንተም ኮምፒውተር ይሉኝታ አለው። ፊልምህ ቆሞ ነበር፤ ከወንበርህ ብትኖር ታየው ነበር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እህቴን ሊፈታት ነበር። ተው ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ኮምፒውተሩን ነካካ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያሰብኩት።»

«ሲነካካ ያየኸው ይህን ያጋለጠህን ሙከራ ሲያስጀምር ነው» አለች መርማሪዋ በሐዘን።

ሥራ አስኪያጇ ሙከራውን አቋረጠች። ወዲያው የዘበኛው ስልክ ጠራ፤ የልጁ ፊት ብቅ አለ።

«አባዬ፣ የት ጠፋህ?»

ሽማግሌው ካቴናው ያሰመረበትን እጁን ከኋላው ደበቀ። «እዚሁ ነኝ ልጄ» አላት። «መስመሩ ተጨናንቆ ነው።»