አንድ ዓይነት ስህተት

«ሃምሳ ሁለት የፊዚክስ የቤት ሥራ አረምኩ» አሉ መምህር መኳንንት፣ ሁለት ወረቀቶች ከፍ አድርገው ይዘው። «ጥያቄው ቻርጁን በማይክሮ ኩሎምብ ነው የሚሰጠው። ሁለት ልጆች ግን ሚሊ ኩሎምብ ብለው ጽፈዋል። ከላይ እስከ ታች፣ በየመስመሩ፣ ሚሊ! አሠራሩ አንድ፣ ስህተቱም አንድ። አንዷ ከሌላዋ ገልብጣለች ማለት ነው።»

ምሥራቅ ስሟ ሳይጠራ አወቀች። አንዱ ወረቀት የሷ ነው። ሌላው አጠገቧ የተቀመጠችው የሄለን ነው፤ ክፍሉ ሁሉ ሄኒ የሚላት።

ክፍሉ በሙሉ ዘወር ብሎ ያየው ሄኒን ነበር። በየዓመቱ አንደኛ እየወጣች የምትሸለመው ምሥራቅ ናት፤ ሄኒ ደግሞ ሃያኛና ሃያ አምስተኛ መሐል የምትዋልል ልጅ።

«ሄለን፣ ወደ ቦርዱ ውጪ። አሠራሩን አስረጂን።»

ሄኒ ቾኩን ተቀብላ አንዱን ክብ በሌላው ክብ ውስጥ ሣለች። ውስጥ ያለው ትንሽና ስስ ሼል፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ ኳስ ነው፤ ቻርጁ ፖዘቲቭ ሁለት። የሚከበው ትልቁ ወፍራም የብረት ሼል፣ በጠቅላላው ኔጌቲቭ አምስት ቻርጅ አለው። ጥያቄው፣ በትልቁ ሼል የውስጥ ገጽና የውጭ ገጽ ላይ ስንት ስንት ቻርጅ አለ የሚል ነበር። ሥዕሉን ከጨረሰች በኋላ እጇ ቀጥ አለ። ሰው ፊት ስትቆም ድሮም ምላሷ ይታሰራል።

«ኮፒ ፔስት!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«በቃ፣ ተቀመጪ። ዜሮ ነው። ነገ ጠዋት ወላጅ ይዘሽ ነይ።»

«ምሥራቅስ፣ ቲቸር?» አለች ከፊት የተቀመጠችው ሚሚ።

«ምሥራቅን መጠየቅ አያስፈልገኝም» አሉ መምህሩ፣ ወረቀቷን እያቀበሏት። «አንቺም ግን ወረቀትሽን ለሰው አትስጪ።»

ምሥራቅ ወረቀቱን ተቀብላ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

የገለበጠችው እሷ ነበረች። ቅዳሜና እሑድ የቤተ ክርስቲያናቸው የወጣቶች ኮንፈረንስ ስለነበር፣ ከመዘምራኑ ጋር ከልምምድ መድረክ፣ ከመድረክ ልምምድ ስትል ፊዚክሱን ሳትነካው ቀረች። ሰኞ ጠዋት ከሰፈራቸው ከቤቴል በተሳፈሩበት ታክሲ ውስጥ «ሄኒዬ፣ ወረቀትሽን አንዴ» አለችና ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ፌርማታው እስኪደርስ ድረስ እንዳለ ወሰደችው። ሚሊ ይሁን ማይክሮ ለማየት ጊዜ አልነበራትም። በዋዜማው መጋቢው መድረክ ላይ አቁመዋት «ይህች ልጅ ነገ መሐንዲስ ናት» ብለው አስጨብጭበውላታል። አባቷ አቶ ጉልላት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እንባቸውን ጠርገዋል። ታዲያ ከዚያ በኋላ ማን ፊት ቆማ «ገልብጫለሁ» ትበል?

ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ሄኒ አልጠበቀቻትም። ምሥራቅ እግሯ እየተጎተተ፣ የሄኒ እናት ወይዘሮ ዘመነች የፕላስቲክ ዕቃ ወደሚሸጡበት ሱቅ ሄደች። ልትናገር ቆርጣ ነበር የሄደችው።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ግቢ!» አሉ ወይዘሮ ዘመነች፣ ከባልዲዎቹ መሐል ብቅ ብለው ጉንጯን እየሳሙ። «ይቺ ልጅ የሠራችኝን ሰማሽ? አንቺን የመሰለች ጓደኛ እያለቻት! አስረጂኝ ብትልሽ እምቢ ትያት ነበር?»

«እትዬ ዘመነች፣ እኔ…»

«ስሚኝማ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። መምህር ፊት ምን ብዬ እንደምቆም እንኳ አላውቅም። ነገ አብረሽን ግቢ። አንቺን ይሰሙሻል። በናትሽ አማልጂኝ።»

«እሺ» አለች ምሥራቅ።

ደንበኛ መጥቶ እናትየው ወደ ውጭ ሲወጡ ወደ ሄኒ ጠጋ አለች። ሄኒ ሳፋዎች እየደረደረች ነበር።

«ለእናትሽ አልነገርሻትም እንዴ?»

«ነገርኳት እንጂ። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹የራስሽን ጥፋት በሰው ልጅ ላይ አታላክኪ።›»

ምሥራቅ መሬት መሬት አየች። «ነገ ዜሮውን እንዲያነሱልሽ እለምናቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ? ‹ይማሯት› ብለሽ?»

ምሥራቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዴት ነው ግን የሠራሽው?» አለች።

«ገልብጠሽውም አልገባሽም?»

«አልገባኝም።»

ሄኒ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ከካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደደችና እስክሪብቶ አነሳች። «እይ። ቻርጆቹ ከረጉ በኋላ ብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፊልድ የለም፤ ዜሮ ነው። አሁን በወፍራሙ ብረት ውስጥ፣ በሁለቱ ገጾች መሐል፣ አንድ ኳስ በሐሳብሽ ሣዪ። እዚያ ፊልዱ ዜሮ ከሆነ፣ በጋውስ ሕግ ኳሱ የከበበው ቻርጅ ሲደመር ስንት ይመጣል?»

«ዜሮ።»

«ትንሹ ሼል ፖዘቲቭ ሁለት ነው። እሱን ለማጣፋት ታዲያ የትልቁ የውስጥ ገጽ…»

«ኔጌቲቭ ሁለት።»

«ጠቅላላው ኔጌቲቭ አምስት ነበር። ለውጩ ገጽ የሚተርፈው?»

«ኔጌቲቭ ሦስት» አለች ምሥራቅ፣ ቀስ ብላ።

«በቃ፣ ይኸው ነው።»

አንዴም አልተንተባተበችም። ቦርዱ ላይ የደረቀችው ልጅና ይቺ አንድ አይመስሉም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምሥራቅ አንድ ነገር ሲገባት ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን ሱቁ ጠበባትና ቶሎ ተሰናብታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሳንሱሲ ሰፈር ካለው ወንድማቸው ጋር በስልክ እያወሩ ነበር። «ኸረ የኛማ ልጅ ክፍሉን እየመራች ነው!» ይላሉ፣ እየሳቁ።

ስልኩን እስኪዘጉ ጠበቀች። «አባቢ…»

«ወዬ፣ የኔ ኢንጂነር!»

«ምንም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ዘመነች ሱቃቸውን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመዋል። ሄኒ ከኋላቸው ናት። ምሥራቅ ከጎናቸው።

«ጥፋቷ ጥፋት ነው፣ ጌታዬ» አሉ እናትየው ዝቅ ብለው። «ይማሩልኝ። ይኸው ጓደኛዋም ልትለምንልኝ መጥታለች።»

መምህር መኳንንት ምሥራቅን አይተው ፊታቸው ፈታ አለ። «ለጓደኛ መቆም ደግ ነው። እሺ፣ ስላንቺ ስል ግማሹን ማርክ እሰጣታለሁ። ሄለን ይቅርታ ትጠይቅና ነገሩን እንዝጋው።»

እንዲህ በቀላሉ ሊያልቅ ነው። ማንም ምሥራቅን ምንም አይጠይቃትም። ሄኒ ጣቶቿን እያፍተለተለች አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። «ቲቸር፣ ይቅ…»

«አትጠይቂ» አለች ምሥራቅ።

ሁሉም ወደሷ ዞሩ።

«ቲቸር፣ ስልክዎን ያውሱኛል?»

«ለምን?»

«አባቴ ጋ ልደውል። ዛሬ እዚህ መቆም የነበረበት የኔ ወላጅ ነው።»

ወይዘሮ ዘመነች መጀመሪያ ምሥራቅን አዩ፤ ቀጥሎ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሄኒ አንገቷን አልደፋችም። መምህሩ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና ስልኩን አቀበሏት።

ምሥራቅ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። በሦስተኛው ጠራ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ የአባቷ ድምፅ።

«አባቢ» አለች፣ ትንፋሽ ወስዳ። «እኔ ነኝ። የምነግርህ ነገር አለ።»